ያለ ነዳጅ የሚዞር ማሽን ስንት ያወጣል?

መብራት በጠፋ ቁጥር ከመሀላችን አንዱ መሐንዲስ ይሆናል። ሞተሩ ዲናሞውን ያዞረዋል፣ ዲናሞው ሞተሩን ያዞረዋል፣ የተረፈውን እኛ እንጠቀማለን... አለቀ! መቼም ይህቺ “የተረፈውን” የምትል ቃል ስንቱን ጉድ ሰርታዋለች። የሚተርፍ ነገር የለማ! በየዙሩ ጥቂቱ በሰበቃ፣ ጥቂቱ በሙቀት ይባክናል፤ ማሽኑም ቀስ እያለ ይቆማል። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1775 እንዲህ ያለ ፈጠራ ከእንግዲህ እንደማይመረምር አስታውቆ ተገላግሏል።

እኛ ግን ዛሬ ፊዚክሱን ትተን ገበያውን እናውራ። ማሽኑ ሰራ እንበል። አንድ ኪሎዋት ሳያቋርጥ ቢሰጥ በዓመት 8,760 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። የገጠር ጤና ጣቢያ የክትባት ፍሪጅ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የሞባይል ማማ... ደንበኛ አይጠፋም። ነፃ የሚሆነው ግን ነዳጁ ብቻ ነው። መዳቡ፣ ማግኔቱ፣ ኩሽኔታው በብር ይገዛል፤ ኩሽኔታ ደግሞ ያልቃል። ፀሐይ ቢል ልካብን አታውቅም፣ ፓነሉን ግን ማን በነፃ ሰጠን? የአባይ ውሃም ነዳጅ አይጠይቅም (ወደ ላይ የምታወጣው ያችው ፀሐይ ናት)፤ ግድቡ ግን በ2003 ተጀምሮ የተመረቀው በ2017 ጳጉሜን ነው። ቦንድ የገዛን እናውቀዋለን።

ከዘላለማዊ ማሽን ጋር የሚቀራረብና በእውነት የሚሸጥ ነገር ካላችሁን አትሞስ የሚባለውን የስዊዝ የጠረጴዛ ሰዓት እንጠቁማችሁ። ባትሪ የለውም፣ በእጅም አይሞላም። ውስጡ የታሸገው ጋዝ የክፍሉ ሙቀት ከፍና ዝቅ ሲል እየተነፋና እየተኮማተረ ሞላውን ይጠመዝዘዋል። የአንድ ዲግሪ ለውጥ ለሁለት ቀን ያህል ያስኬደዋል። ዋጋው በሺህ ዶላሮች ይቆጠራል፤ ስልክ እንኳ ቻርጅ አያደርግም።

የቀሩት ሁሉ ገንዘብ ያገኙት ከጉልበቱ ሳይሆን ከተስፋው ነው። ቻርልስ ሬድሄፈር የሚባል አሜሪካዊ በ1812 ፊላደልፊያ ላይ ማሽኑን በክፍያ ያሳይ ነበር። በዓመቱ ኒውዮርክ ሲሄድ የእንፋሎት መርከቡ ሰው ሮበርት ፉልተን አዟዟሩን አይቶ ተጠራጠረ። ከግድግዳው ሳንቃ ሲነቀል ከአንጀት የተሰራ ክር ተገኘ፤ ክሩን ተከትለው ሲወጡ ጣሪያ ስር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው እጀታ ያዞራሉ! (እኛ የምናዝነው ለሽማግሌው ነው።) የደብሊኑ ስቲዮርን ደግሞ በ2006 ዘ ኢኮኖሚስት ላይ ማስታወቂያ አወጣ። በ2007 ለንደን ላይ ሊያሳይ የነበረው ትርዒት ተሰረዘ፤ ራሱ የጠራቸው መርማሪዎች በ2009 ኃይል ማመንጨቱን አላሳየም አሉ፤ በ2016 ሥራውን አቆመ። የባለአክሲዮኖቹ ገንዘብም አብሮ ሄደ።

ይህን ሁሉ የቆፈርነው ወደን አይደለም። አንድ ጓደኛችን “በማግኔት ብቻ የሚሰራ ጄኔሬተር” የሚል ቪዲዮ ከላኩለት ሰዎች “ድርሻ” ሊገዛ ነው። ብሩ የእቁብ ነው፤ ከዚያ ላይ የእህቱ የትምህርት ቤት ክፍያ አለበት። ፊዚክስ አላወራነውም፣ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅነው። “ማሽኑ መብራት የሚያተርፍ ከሆነ ሰዎቹ መብራቱን ሸጠው አይበለጽጉም? ያንተን እቁብ ምን አስፈለጋቸው?”

ዝም አለ። ቆየና “ለማስፋፊያ ነው ብለውኛል” አለን። ዕጣው የሚደርሰው እሁድ ነው።