የማንጋ እጆች

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል። ቡና ያላችሁ ቡናችሁን ይዛችሁ ጠጋ በሉ። ማንጋ የማታነቡም ቶሎ አትለፉኝ፤ ነገሩ መጨረሻው ላይ ወደ ሁላችንም ይመጣል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«የማንጋ ስታይል» የሚል ነገር ስሰማ ሁሌም ትንሽ ይቆረቁረኛል። «የወጥ ጣዕም» እንደማለት ነው እኮ። የየትኛው ወጥ? የማን? አንድ ዓይነት በርበሬ፣ አንድ ዓይነት ሽንኩርት፣ አንድ ዓይነት ድስት ለሦስት ባለሙያዎች ስጧቸው፤ ሦስት የተለያየ ወጥ ይወጣል። እናቶቻችን ለዚህ ነገር ቃል አላቸው፦ እጅ። «እጇ ይጣፍጣል» ይላሉ፣ በቃ። ማንጋም እንደዚያው ነው። ቀለሙ ጥቁር፣ ወረቀቱ ነጭ፣ እጁ ግን የየራሱ። እኔም ዛሬ የምጽፈው ስለምወዳቸው ጥቂት እጆች ነው።

መጀመሪያ ድስቱን እንይ። ጃፓን ውስጥ ማንጋ በብዛት የሚወጣው በወፋፍራም መጽሔቶች ላይ ነው። ወረቀቱ ርካሽ፣ ሕትመቱ በአንድ ቀለም። እንደ ሾነን ጃምፕ ባለ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ የሚሠራ ሰዓሊ በየሳምንቱ ሃያ ገጽ ገደማ ማስረከብ አለበት። በየሳምንቱ! ቀለም የለም፣ ጊዜ የለም። ሌሊቱን፣ ዝናቡን፣ ንዴቱን፣ ሐዘኑን ሁሉ በመስመር ማምጣት ግድ ነው። ግራጫ ሲያስፈልግ ጥቃቅን ነጠብጣብ የታተመበት ስስ ተለጣፊ ወረቀት እየቆረጡ ይለጥፉ ነበር፤ ስክሪንቶን ይሉታል። አሁን አሁን ብዙው በኮምፒውተር ሆኗል። የምንወደው ነገር ሁሉ ከዚህ ችግር ውስጥ ነው የወጣው።

ስለ ዓይኖቹም አንድ ነገር ልበል፤ ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ እሱን ነውና። «ለምንድነው ዓይናቸው እንደዚህ የሚተልቀው?» ይሉኛል። ብዙውን ጊዜ መልሱ ወደ ኦሳሙ ቴዙካ ይወስደናል። ሕክምና ተምሮ ሥዕልን የመረጠ ሰው ነው። በ1952 የጀመረውን አስትሮ ቦይን የማያውቅ ጃፓናዊ ማግኘት ይከብዳል። የዲዝኒን ፊልሞች አጥብቆ ይወድ ነበር፣ ትልልቆቹን ዓይኖች ከዚያ ወስዶ የራሱ አደረጋቸው። ትልቅ ዓይን ብዙ ስሜት ይይዛል፤ ነገሩ ቀላል ነው።

ሳስተምር አንዳንድ ሰዎች «ይሄ ዓይን የእኛ አይደለም፣ ልጆቹን አታበላሽ» ይሉኝ ነበር። እኔም «እስቲ ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ግድግዳውን ቀና ብላችሁ እዩ» እላቸዋለሁ። የእኛ የጥንት ሰዓሊዎች ቅዱሳኑን ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ይሥሏቸዋል። ክፉዎቹን ደግሞ ከጎን፣ በአንድ ዓይን። ዓይን ምን ያህል ነገር እንደሚሸከም ያውቁ ነበራ! ማንም ከማንም አልቀዳም። ሁለት የተራራቁ አገሮች ለአንድ ጥያቄ ተቀራራቢ መልስ አገኙ፣ ያ ነው የሚገርመኝ።

አሁን ወደ እጆቹ።

አኪራ ቶሪያማ። ድራገን ቦልን ከ1984 እስከ 1995 በየሳምንቱ የሣለው። በ2024 መጋቢት ሲያርፍ የቀድሞ ተማሪዎቼ ፕሮፋይል በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ በጎኩ ተሞልቶ ነበር፣ ታስታውሳላችሁ። የእሱ ውበት ግልጽነቱ ነው። ሁለት ሰዎች አየር ላይ እየተደባደቡ እንኳ ማን የት እንዳለ፣ ቡጢው ከየት ተነሥቶ የት እንዳረፈ ለአፍታ አትጠራጠሩም። መስመሩ ጥቂት ነው፣ ግን አንዱም ስራ ፈት አይደለም። ደስ የሚለኝ ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያ ሁሉም ልጅ ደብተሩ ላይ የሚሥለው የሱፐር ሳያን ነጭ ፀጉር አንዱ ምክንያቱ ድካም ነው። ጥቁር ፀጉር ሲሆን ረዳቱ በየገጹ ቁጭ ብሎ በቀለም መሙላት ነበረበት። ወርቃማ ሲሆን ግን ነጭ ይተዉታል፣ ተገላገሉ። ራሱ ነው የተናገረው። ዓለም ያወቀው ምልክት ከቀለም ቁጠባ ተወለደ ማለት ነው።

ታኬሂኮ ኢኖዌ። ስላም ደንክ የቅርጫት ኳስ ታሪክ ነው። የመጨረሻው ጨዋታ የመጨረሻ ሰከንዶች ላይ ሲደርስ ሰዓሊው ቃላቱን ያነሣቸዋል። ገጽ ትገልጣላችሁ፣ ንግግር የለም። ሌላ ትገልጣላችሁ፣ አሁንም የለም። የራሳችሁን ልብ ምት ነው የምትሰሙት። በ1998 በጀመረው ቫጋቦንድ ላይ ደግሞ፣ የሳሙራዩን የሙሳሺን ታሪክ ይዞ፣ እየቆየ ብዕሩን ወደ ብሩሽ ለወጠ። ብሩሽ ምሕረት የለውም፤ ትንሽ ከተጫናችሁት ይወፍራል፣ ከፈራችሁ ይንቀጠቀጣል። የቁም ጽሕፈት በሸምበቆ ብዕር የሞከረ ሰው ይሄ ይገባዋል፤ ፊደሉ የጸሐፊውን ትንፋሽ ያሳብቃል። ቫጋቦንድ ላይ አንድ የሣር ቅጠል እንኳ ሰውየው ያን ቀን ተረጋግቶ እንደነበር ይነግረኛል።

ናኦኪ ኡራሳዋ። የእሱ እጅ ፊት ላይ ነው። ሞንስተር የሚባለው ሥራው ጀርመንና ቼክ ውስጥ የሚሆን ታሪክ ነው፤ አንድ ጃፓናዊ ሐኪም ያዳነው ልጅ አድጎ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል። ግን እኔን የሚይዘኝ በመንገድ ላይ የሚያልፉት ሰዎች ናቸው። አሮጊት፣ ፖሊስ፣ ሰካራም፣ ለሦስት ገጽ ብቻ ብቅ የሚል የሆቴል አስተናጋጅ። ሁሉም የራሱ አፍንጫ፣ የራሱ ሽብሽብ፣ የራሱ የደከመ ዓይን አለው። የሚያምር ፊት መሣል ብዙ ሰው ይችላል። የማያምረውን ፊት እንድንወደው አድርጎ መሣል ግን ሰው መውደድን ይጠይቃል። ኡራሳዋ ገጾች ላይ ትርፍ ሰው የለም።

ሺጌሩ ሚዙኪ። ይሄን ሰው ብዙዎቻችሁ አታውቁትም፣ ፈልጋችሁ አንብቡት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በወታደርነት ራባውል የሚባል ቦታ ተልኮ፣ በቦምብ ግራ እጁን አጣ። ተመልሶ በቀረው አንድ እጁ እስከ እርጅናው ሣለ። በ93 ዓመቱ ነው ያረፈው፣ በ2015። ሰዎቹን ሲሥል እንደ ልጅ ሥዕል ቀለል ያሉ ናቸው፦ ክብ ጭንቅላት፣ ነጠብጣብ ዓይን። ጫካውን፣ ዛፉን፣ ባሕሩን ሲሥል ግን ቅጠል በቅጠል፣ ነጥብ በነጥብ። መጀመሪያ ሳየው ግራ ተጋባሁ። በኋላ ስለ ጦርነቱ የሠራቸውን ሳነብ ገባኝ። ያ ቀላል ፊት የማንም ሊሆን ይችላል፤ የእኔም፣ የወንድሜም። ዓለሙ ግን ከባድና እውነተኛ ነው። ያ ክብ ጭንቅላት ልጅ እዚያ ከባድ ጫካ ውስጥ ሲሞት፣ አንባቢው ራሱ የወደቀ ይመስለዋል።

ካኦሩ ሞሪ። ኤ ብራይድስ ስቶሪ የሚባለውን ከ2008 ጀምሮ ትሥላለች፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መካከለኛ እስያ ሙሽሮች ታሪክ ነው። ጥልፍ፣ ምንጣፍ፣ የእንጨት ቅርጽ፣ የዳቦ ማህተም፤ እያንዳንዱን ክር ትሥለዋለች። ያውም በብዕር! እናቴ ጥልፍ ትጠልፍ ነበር፣ ለአንድ ቀሚስ ወራት ይፈጃል። «አይሰለችሽም?» ስላት «እጄ ሲሠራ ልቤ ያርፋል» ትለኝ ነበር። የካኦሩ ሞሪን ገጾች ሳይ ያው ዕረፍት ነው የሚሰማኝ። እዚህ ላይ ዝርዝሩ ለጉራ አይመስለኝም። ሴቶቹ ለጥልፉ የሰጡትን ጊዜ እሷም ሰጥታ፣ ሥራቸውን እያከበረችላቸው ነው።

መጨረሻ ላይ ኬንታሮ ሚውራ። በርሰርክን በ1989 ጀመረው። ጨለማን እንደ እሱ የሣለ አላየሁም። ጥቁር ቀለም ደፍቶ አይደለም ጨለማ የሚያመጣው፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቀጫጭን መስመሮችን እያነባበረ ነው። ጋሻው ላይ፣ የቤተ መንግሥቱ ድንጋይ ላይ፣ የጭራቁ ቆዳ ላይ። አንዱን ገጽ ለማየት አሥር ደቂቃ የፈጀብኝ ጊዜ አለ። ታሪኩን ሳይጨርስ በ2021 ግንቦት ወር፣ በ54 ዓመቱ አረፈ።

ከዚያ ምን ሆነ? ኮጂ ሞሪ የሚባል የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጓደኛ ነበረው፣ እሱም ሰዓሊ። ሚውራ ከዓመታት በፊት ታሪኩ የት እንደሚደርስ ለዚህ ጓደኛው ነግሮት ነበር። በ2022 የሚውራ ረዳቶች በጓደኛው ትውስታ እየተመሩ ሥራውን ቀጠሉ። ዓመታት አጠገቡ ቁጭ ብለው ድንጋይና ጋሻ ሲሥሉ የነበሩ ልጆች ናቸው። «የእሱን አያህልም» የሚል አለ፣ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አስተማሪ ነበርኩና ሌላ ነገር ነው የማየው። አንድ እጅ ሲያርፍ ሌሎች እጆች መስመሩን ተቀበሉት። ከዚህ በላይ የሚያጽናና ነገር ለአስተማሪ የለም።

ይሄን ሁሉ ለምን ጻፍኩ? ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። 8ኛ ክፍል እያለ የሒሳብ ደብተሩ የኋላ ገጽ በሙሉ ባለ ሹል ፀጉር ጀግና የነበረ ልጅ ነው። (እነማን እንደሆናችሁ ታውቃላችሁ፣ ብዙ ናችሁ።) አሁን አድጓል፣ ሥራ ይዟል፣ ከደመወዙ እየቆጠበ የመሣያ ታብሌት ገዝቷል። «ቲቸር፣ የእኔን ስታይል ፈልጌ ፈልጌ አጣሁት። አሁን ደግሞ ስልኬ በሰከንድ የፈለግኩትን ማንጋ ይሥልልኛል። ታብሌቱን ልሸጠው ነው» አለኝ።

ልጄ፣ ብትሸጠው አልቆጣህም። ኑሮ ነው፣ የቤት ኪራይ በሥዕል አይከፈልም። ግን ስልኬ ይሥላል ብለህ እንዳትሸጠው።

ከላይ የቆጠርኳቸውን ሰዎች አስባቸው። የቶሪያማ ነጭ ፀጉር የጊዜ እጥረት የወለደው ነው። ሚዙኪ ያን ጫካ የሣለው አይቶት፣ ተርቦበት፣ እጁን ትቶበት ስለመጣ ነው። ኡራሳዋ ሰው ማየት ይወዳል፣ ካኦሩ ሞሪ ክር ትወዳለች። እያንዳንዱ ስታይል ሰውየው ከነበረበት ችግርና ከወደደው ነገር ጋር ሲታገል የተረፈው ምልክት ነው። ስልኩ ምልክቱን ይሰጥሃል፣ ያውም አሳምሮ። ትግሉን ግን ማንም ሊታገልልህ አይችልም፣ እጅህ የሚለወጠው ደግሞ እዚያ ውስጥ ነው። ወጥ ገዝቶ መብላት ነውር የለውም፤ ገዝቶ በመብላት ግን ማንም እጁ ጣፍጦ አያውቅም።

«ስታይሌን አጣሁት» ላልከው ደግሞ፣ ፍለጋውን ተወው። ይልቅ የቤት ሥራ ልስጥህ፤ ሌሎቻችሁም ሞክሩት፣ ጡረታ የወጣችሁም ጭምር። ከእነዚህ ሰዓሊዎች የአንዱን አንድ ገጽ ምረጡ። ታብሌት አያስፈልግም፣ ቢክ እስክሪብቶና ወረቀት ይበቃል። እንዳለ ቅዱት፣ መስመር በመስመር። በመሐል የሆነ ቦታ ላይ እጃችሁ እምቢ ይላል። እሱ ያወፈረውን ታቀጥናላችሁ፣ እሱ የተወውን ታክላላችሁ፣ አፍንጫው ሳታስቡት የአባታችሁን አፍንጫ ይመስላል። እዚያ ቦታ ላይ እርሳስ ይዛችሁ ክብ አድርጉበት። ነገ ሌላ ሰዓሊ፣ ከነገ ወዲያ ሌላ። ከአሥር ገጽ በኋላ ክቦቹን ብቻ ለቅማችሁ እዩአቸው። የእናንተ እጅ ከሞላ ጎደል እዚያ ውስጥ ነው።

የሣላችሁትን እዚሁ ኮሜንት ላይ ለጥፉልኝ፣ እንደ ድሮው በቀይ እስክሪብቶ አላርምም። የምትወዱትን ሰዓሊና ለምን እንደምትወዱትም ጻፉልኝ፤ «ስለሚያምር» ብቻ የሚል መልስ ግን አልቀበልም።

በነገራችን ላይ፣ ያን ታብሌት ለመግዛት ዋጋ እየተደራደራችሁ ያላችሁ ካላችሁ እስከ አሥረኛው ገጽ ድረስ ታገሡልኝ።

ሰላም ሁኑ።