ሳንክሽን፦ ሲፈቅድም ሲቀጣም

«ሳንክሽን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ዜና የሚከታተል ሁሉ ያውቀዋል። ማዕቀብ ነው፤ አለቀ። ችግሩ ግን ይኸው ቃል «ፈቀደ»፣ «አጸደቀ» ማለትም መሆኑ ነው።

«በተባበሩት መንግሥታት ሳንክሽን የተደረገ ኃይል» የሚል በእንግሊዝኛ ካነበባችሁ፣ ድርጅቱ የፈቀደው ኃይል ማለት ነው። ዳኛው ጠበቃውን ሳንክሽን አደረገው ከተባለ ግን ቀጥቶታል። በአትሌቲክስ ሳንክሽን የተደረገ ውድድር ሕጋዊ እውቅና ያለው ነው፤ ሳንክሽን የተደረገ አትሌት ደግሞ ምናልባት አበረታች መድኃኒት ወስዶ የታገደ ነው። ቃሉ ያው ነው።

አንዳንዴ የተተረጎሙ ዜናዎችን የማረም ሥራ ይሰጠኛል። በአንድ ረቂቅ ላይ አንድ ምክር ቤት በገዛ መንግሥቱ ዕቅድ ላይ «ማዕቀብ ጥሎ» አገኘሁት። ለካ አጽድቆታል! ተርጓሚው ሰነፍ ልጅ አይደለም። ቃሉን ስለሚያውቀው ነው መዝገበ ቃላት ያልገለጠው፤ የማናውቀውን ቃል ቢሆን ሁላችንም እንፈልጋለን።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ አንድን ነገር የተቀደሰና የማይጣስ ማድረግ፣ መደንገግ። ድንጋጌ ደግሞ አንዱን ያጸድቃል፣ የጣሰውን ይቀጣል። እንግሊዝኛ ሁለቱንም ወረሰ።

እንግሊዝኛን ብቻ አንማ እንጂ። የኛ «ማዕቀብ» ከግዕዙ «ዐቀበ» የመጣ ነው፤ ጠበቀ ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግም የዚያው ቤተሰብ ነው፤ የአፈርና ውኃ ዕቀባም፤ በፀጥታው ምክር ቤት ድምፅ አሰጣጥ ላይ የምንሰማው ድምፀ ተዓቅቦም። ገበሬው እርከን ሲሠራ አፈሩን ያቅባል። ቃሉ ሲነሣ ጠባቂ ነበር፤ ዛሬ ስሙ ሲጠራ የምንደነግጥበት ሆኗል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሥሩ አይደለም። እንግሊዝኛው ሁለት ተቃራኒ ነገር በአንድ ቃል ሲይዝ፣ እኛ ደግሞ አምስት የተለያየ ነገር ሰብስበን «ማዕቀብ» እንላለን። በጦርነቱ ጊዜ የሆነውን አስታውሱ። ግንቦት 2013 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የቪዛ ክልከላ አወጀ፤ ማዕቀብ ተባለ። መስከረም 7 ቀን 2014 ፕሬዚዳንት ባይደን ማዕቀብ ለመጣል የሚያስችል ትዕዛዝ ፈረሙ፤ ዕለቱን በትዕዛዙ የተሰየመ ሰው አልነበረም፤ ብዙው ሰው ግን «ማዕቀብ ተጣለብን» አለ። ኅዳር ላይ በትዕዛዙ መሠረት መጀመሪያ የተሰየሙት የኤርትራ ሠራዊት፣ የአገሪቱ ገዥ ፓርቲና ከነሱ ጋር የተያያዙ ግለሰቦችና ድርጅቶች ነበሩ። ታኅሣሥ 23 ቀን ኢትዮጵያ ከአጎዋ ወጣች። እሱም ማዕቀብ ተባለ።

አጎዋ ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ ገበያ የሚያስገባ ዕድል ነው። ዕድሉ ተነሣ እንጂ የማንም ገንዘብ አልታገደም፤ ሸቀጡም ቀረጥ ከፍሎ መግባት ይችላል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስትሰፋ ለነበረች ልጅ ይህ ልዩነት ምን ይረባታል? ትዕዛዝ ከቀነሰ ቀነሰ። ግን ነገሩ እንዲመለስ የምትፈልገውም እሷ ናት፤ ለመመለስ ደግሞ የሚንኳኳው በር ይለያያል። የቪዛውን የሚያነሣው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴሩ ነው። የፕሬዚዳንቱ ትዕዛዝ በየዓመቱ ካልታደሰ ይቋረጣል። የአጎዋ ተጠቃሚነት በየዓመቱ በሌላ መስፈርት ይገመገማል። ሦስቱንም በአንድ ስም ጠርተን ስናበቃ «ማዕቀቡ ተነሣ» የሚል ዜና ሲመጣ፣ የትኛው? ደስታውም ብስጭቱም ያለ ቦታው የሚሆነው ለዚህ ነው።

ስሙ ልክን ሲደብቅ ለኛ የመጀመሪያው አይደለም። ፋሺስት ኢጣሊያ በወረረችን ጊዜ የመንግሥታቱ ማኅበር ኅዳር 1928 ማዕቀብ ጣለ። ስሙ ማዕቀብ ነው፤ ውስጡ ግን ነዳጅ ዘይት የለበትም። የሙሶሊኒ አውሮፕላንና ካሚዮን ነዳጅ እየጠጣ ገሰገሰ፤ የስዊዝ ቦይም ለመርከቦቹ አልተዘጋም። አዲስ አበባ ሚያዝያ ላይ ተያዘች፤ ሐምሌ ላይ ማዕቀቡ ተነሣ። ያኔ «ማዕቀብ ተጥሎባታል» ተብሎ ለተነገረው ሰው ሁለተኛው ጥያቄ «በምን ላይ?» መሆን ነበረበት።

አሁን ስጽፍ «የቪዛ ክልከላ»፣ «የንብረት እገዳ»፣ «ከአጎዋ መሰረዝ» እያልኩ ለያይቼ ነው። ዜናው ውስጥ እንዳለ ያልፍልኛል። ርዕሱ ጋ ሲደርስ አርታኢው ሁሉንም ሰርዞ «ማዕቀብ» ያደርገዋል። አራት ፊደል ናት፤ ትመቻለች።