ከጀርባው ምን ተጽፏል?



በብዙ ሙስሊም ቤት የዱሮ ፎቶግራፍ ግድግዳ ላይ ተደርድሮ አይታይም። መኖሪያው ሣጥን ነው። አንዱ ቤት የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ሌላው ቤት የጫማ ካርቶን ውስጥ፣ አንዳንዱም ቤት አባት ከሐጅ ሲመለሱ በያዙት ሻንጣ ውስጥ ከቤት ካርታና ከኒካሕ ወረቀት ጋር ተደባልቆ ይቀመጣል። እርስዎም ቤት እንደማይጠፋ እገምታለሁ። እንግዲያው አንድ ነገር ልለምንዎ። ሣጥኑን ያውርዱና ከመካከሉ አንዱን ፎቶግራፍ አንሥተው ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ይዩት። ምን ተጽፏል?

አብዛኛውን ጊዜ ምንም። ቢበዛ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ወይም «ለማስታወሻ ይሁንህ» የሚል ቃል ይገኝበት ይሆናል። ማን ለማን እንደሰጠው አይገልጽም። በጊዜው መግለጽ አላስፈለገም፤ ሰጪውም ተቀባዩም ይተዋወቁ ነበርና። ችግሩ የሚመጣው ሁለቱም ወደ አኼራ ከሄዱ በኋላ ነው።

ፊት እስከታየ ድረስ ሰው አይጠፋም ብለው የሚያስቡ ካሉ የሐረርን ነገር ያስታውሱ። በ1875 ዓ.ም. ከተማይቱ ገና በግብፆች እጅ ሳለች፣ በዚያ ቡናና ቆዳ የሚነግድ አርተር ራምቦ የተባለ ፈረንሳዊ የፎቶግራፍ መሣሪያ አስመጥቶ ጥቂት ምስሎች አንሥቶ ነበር። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ቡና የሚጫንበትን የቆዳ ከረጢት የሚሠራ ሰው ይታያል። ያነሣው ሰው ስም፣ ዓመቱ፣ የተነሺውም ሙያ ሳይቀር ተመዝግቦ እስከ ዛሬ ደርሷል። የተነሺው ስም ግን አልተጻፈም። ከመቶ አርባ ዓመት በላይ ዓለም የሚያየው ሰው ነው፤ የልጅ ልጆቹ ግን በምስሉ አጠገብ እንደ ማንኛውም መንገደኛ ቢያልፉ አይፈረድባቸውም። የሚያውቁት ጎረቤቶቹ በሙሉ ማንም ሳይጠይቃቸው ሞተዋል።

በዚያው በጀጎል ውስጥ አብዱላሂ ሸሪፍ የተባሉት ሰው የእጅ ጽሑፉን፣ ሳንቲሙን፣ የድምፅ ቅጂውን ከየቤቱ እየሰበሰቡ ትልቅ ሙዚየም ማቋቋማቸው የሚታወቅ ነው። ያ ሁሉ ቅርስ የወጣው ከየሰዉ ሣጥን መሆኑን ልብ ይሏል።

«ለመሆኑ ፎቶግራፍ ማስቀመጡስ ይፈቀዳልን?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። ዑለማዎች በዚህ ላይ ተለያይተዋል። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ በመሣሪያ የሚነሣው ምስል ጥላን ይዞ ከማስቀረት የማያልፍ በመሆኑ ከተከለከለው ሥዕል አይቆጠርም በማለት ራሱን የቻለ ጽሑፍ አዘጋጅተውበታል። የሳዑዲው ሸይኽ ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ባዝ በበኩላቸው ለፓስፖርትና ለመታወቂያ ለመሳሰለው አስገዳጅ ጉዳይ ካልሆነ በቀር ከልክለዋል። ፈትዋ መስጠት የእኔ ድርሻ አይደለም፤ እርስዎ የሚያምኑበትን ዓሊም ይጠይቁ። እኔ የምናገረው ከጥያቄው ቀጥሎ ስለሚመጣው ነገር ነው።

በአንድ የማውቀው ቤት የሆነውን ላጫውትዎ። ከውጭ አገር ተምሮ የመጣ የቤቱ ታላቅ ልጅ የሟች አባታቸውን ፎቶግራፎች በሙሉ ሊያቃጥል ተነሣ። ነይቶ የተነሣው ለዲኑ ተቆርቁሮ ነበርና ማንም ክፉ ሐሳብ ነበረው አይለውም። እናትየው ግን ቆርቆሮውን ጭናቸው ላይ አድርገው አለቅም አሉ። ነገሩ ለሰፈሩ ሸይኽ ደረሰ። ሸይኹ ስለ ሥዕል ደርስ ሊሰጡ ነው ብለን ስንጠብቅ «የሟቹ ንብረት ሙሉ በሙሉ ተከፋፍሏልን?» ብለው ጠየቁ። ቆርቆሮው አልተከፈለም ነበር። «እንግዲያው የወራሾቹ ሁሉ ነው። አንተ ለራስህ ድርሻ ትጠየቃለህ፤ በእናትህና በእኅቶችህ ድርሻ ላይ እሳት መለኮስ አትችልም» አሉት። ልጁም ሸይኹን ሰማ። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የነበረው የአባትየው ትልቁ ምስል ወረደ፤ ቆርቆሮው ታላቂቱ እኅት ዘንድ ተቀመጠ። ወንድምየው ዛሬም አቋሙን አልለወጠም፤ ነገር ግን ስሞቹን በደብተር የጻፈው እርሱ ነው፤ ስም መጻፍ አላከራከረምና።

እነሆ እኔም ልል የፈለግሁት ይህንን ነው። ያስቀምጡም አያስቀምጡም፣ አስቀድመው ስሞቹን ይጻፉ።

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዝምድናችንን የምንቀጥልበትን ያህል የዘር ሐረጋችንን እንድንማር ማዘዛቸውን ቲርሚዚ ዘግበውታል። ይህንን በመስጂድ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል፤ ከፎቶግራፍ ሣጥን ጋር ግን አያይዘን አናስበውም። እኔ ግንኙነቱ የገባኝ ደሴ ከምትኖረው ከአክስቴ ጋር ሣጥኑን ይዘን ሦስት ከሰዓት በኋላ ከተቀመጥን ወዲህ ነው። ዕድሜዋ ከሰማንያ አልፏል፣ ዓይኗ ደክሟል፤ ፎቶግራፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን እየወሰደች፣ አንዳንዱንም በአለባበሱ እየለየች ትነግረኛለች። ብዙዎቹን ጠቅሜ ከማውቀው በላይ አልነበሩም። አንዱ ጋ ስንደርስ ግን ቆመች። አያቴ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ከኋላቸው አንድ ጎልማሳ እጁን ትከሻቸው ላይ አድርጎ ይታያል። እኛ ልጆቹ ሁልጊዜ «የአያታችን ሠራተኛ» እንለው ነበር።

«ኧረ ወዲያ!» አለች። «ወንድሜ ነው እንጂ የምን ሠራተኛ! እናቱ በወሊድ ብትሞት እናቴ ናት ጡቷን ያጠባችው፤ ከእኔ ታላቅ ጋር አንድ ላይ ነው የጠባው። ፊቱ ተሸፍኜ አላውቅም።»

ውድ አንባቢ፣ የዚህን ክብደት ለእርስዎ ማስረዳት አያሻኝም። የጡት ዝምድና (ረዳዓ) በሸሪዓችን እንደ ሥጋ ዝምድና ጋብቻን ይከለክላል። የዚያ ሰው ልጆች ኮምቦልቻ፣ ከእኛ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር በማትሞላ ርቀት ላይ ይኖራሉ። አክስቴ ለእነርሱ አክስት ናት፤ ወንድ ልጆቹ መሕረሞቿ ናቸው። እኛ ግን በሠርግና በለቅሶ ላይ ስንገናኝ እንደ ባዕድ ሰላም ብለን እናልፋቸው ነበር። አክስቴ ከሁለት ዓመት በፊት ሄዳ ቢሆን ኖሮ ሰውየው «ሠራተኛ» ሆኖ በቀረ፤ ነገ ከነገ ወዲያ ከቤታችን አንዱ አጎት የወንድሙን ልጅ ሳያውቅ ለኒካሕ ቢጠይቅስ? አሁን በዒድ እንጠያየቃለን፤ አልሐምዱሊላህ።

ስለዚህ ሲጽፉ የሰውየውን ስም ብቻ አይጻፉ። እስከ አያት ይጻፉ፤ በቅጽል ስሙ የሚታወቅ ከሆነ እርሱንም፤ የማን ምን እንደሆነ፣ የት እንደተነሣ፣ በግምትም ቢሆን ዓመቱን። በመጨረሻም ማን እንደነገረዎትና መቼ እንደነገረዎት። እኛ ሐዲስን ያለ ሰነድ የማንቀበል ሰዎች ነን፤ ለቤተሰባችን ወሬ ይህችን ያህል ብናደርግ አይበዛም። ሁለት አሮጊቶች ስለ አንድ ፎቶግራፍ የተለያየ ስም ሲናገሩ (ይናገራሉ!) ሁለቱንም ከነተናጋሪዎቹ መዝግቦ መተው ነው። መዳኘት አያስፈልግም።

የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ ለስላሳ በሆነ እርሳስ፣ ፎቶግራፉን ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ በፊቱ አስተኝቶ፣ ጀርባው ጠርዝ ላይ ሳይጫኑ። እስክሪፕቶ ቀለሙ ወደ ፊተኛው ገጽ ይዘልቃል፣ ጫናውም ሰንበር ያወጣል። ጀርባቸው እንደ ፕላስቲክ የሚያንሸራትተው የኋለኛው ዘመን ፎቶግራፎች እርሳስ አይቀበሉም፤ እነርሱን በፖስታ ከትቶ ፖስታው ላይ ቁጥር መስጠት፣ ዝርዝሩን ደብተር ላይ ማስፈር ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ የትኛው ፎቶግራፍ ቶሎ እንደሚጠፋ በመገመት ነው። ጥቁርና ነጩ አሮጌ ስለሆነ እርሱ ይቀድማል ብለን እንሳሳለታለን። እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። የጥቁርና ነጩ ምስል የተሠራው ከብር ደቃቅ ነው፤ ፎቶ አንሺው በደንብ ካጠበው ከሰው ዕድሜ በላይ ይቆያል። የባለ ቀለሙ ምስል ግን ማቅለሚያ ነው፤ በተለይ በ1970ዎቹ የተነሡት ሣጥን ውስጥ በጨለማ ተቀምጠው እንኳ ይደበዝዛሉ። ሰማያዊው ቀድሞ ስለሚለቅ የሠርግዎ ፎቶግራፍ እየቀላ ሄዶ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። እንግዲህ ቅጂ የሚያስፈልገው በመጀመሪያ ለአያት ሳይሆን ለሙሽሮቹ ነው ማለት ነው።

ጠላቶቹ ብዙ አይደሉም። እርጥበት ዋናው ነው፤ እንደ ጅማ ባለ ዝናብ በሚበዛበት አገር ሻጋታ ያወጣበታል። ሙቀትም አለ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቆጥ ላይ የተቀመጠ ሣጥን ቀን ይጋላል፣ ሌሊት ይበርዳል። ወለል ላይ ከሆነ ምስጥ አለ። ቁም ሣጥን ውስጥ መካከለኛው መደርደሪያ፣ ከውጭው ግድግዳ ራቅ ብሎ፣ በወረቀት ፖስታና በካርቶን ሣጥን ከሆነ ይበቃዋል፤ ሌላ ወጪ የለውም። ያ የሚያጣብቅ ገጽ ያለው፣ ላዩ በላስቲክ የሚሸፈነው አልበም ግን ማማሩን አይዩ፤ ሙጫው ቢጫ እየሆነ ፎቶግራፉን ይይዘዋል። የተጣበቀውን አይላጡ፤ ቀጭን ክር ከሥሩ እያሻሹ በቀስታ ያስገቡ፣ እምቢ ካለም እዚያው እንዳለ በስልክ ያንሱት። ከመስታወት ጋር የተጣበቀም እንዲሁ ነው። ላሚኔት ማስደረግ ደግሞ የከተማችን በሽታ ሆኗል! በሙቀት የታሸገ ፎቶግራፍ ከዚያ በኋላ አይፈታም። ውኃ ከገባበት ተደራርቦ እንዲደርቅ አይተዉ፤ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ አለቅልቀው፣ ፊቱን ሳይጠርጉ፣ ለየብቻ ጥላ ሥር ያስጡት።

ቅጂውን በስልክ ማንሣት ዛሬ ቀላል ነው፤ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ፊቱንም ጀርባውንም። ቅጂውም ከአንድ ከተማ በላይ ይኑር። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ልጅ አዝለው፣ ሽማግሌ ደግፈው የወጡ ሰዎች አልበም ይዘው አልወጡም፤ ማንስ ያስታውሰዋል? ከዚያ በፊት በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የቤት ፍተሻ በነበረበት ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ወረቀቱንና ፎቶግራፉን በገዛ እጁ እሳት ውስጥ ጨምሯል። ሪያድ ወይም ዱባይ ያለች እኅትዎ ስልክ ውስጥ አንድ ቅጂ ቢኖር ኖሮ ብለው የሚቆጩ ጥቂት አይደሉም።

ከዚህ ጋር ግን አንድ ትልቅ ነገር አለ፤ ልጆቻችንን ሰብስበን ልንነግራቸው ይገባል። እናቶቻችን በወጣትነታቸው ሹሩባ ተሠርተው፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ፎቶ ቤት ገብተው የተነሡት ምስል አለ። ዛሬ ሒጃባቸውን የጠበቁ እናቶች ናቸው። የልጅ ልጅ ያንን ፎቶግራፍ በስልኩ አንሥቶ «አያቴ እንዲህ ቆንጆ ነበረች» ብሎ ለሺህ ሰው ሲለጥፈው አያትየው ምን ይሰማቸዋል? ፎቶግራፉ የተሰጠን በአማና ነው። ሣጥን ውስጥ ያኖሩት ለቤተሰብ ዓይን ነው። በሕይወት ካሉ ይጠየቁ፤ እምቢ ካሉ እምቢ ነው። ከሞቱ ደግሞ ፈቃድ የሚሰጥ የለም ማለት ነው እንጂ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። ስካን ሲያስደርጉም እንዲሁ፤ ቅጂው የሱቁ ኮምፒውተር ውስጥ ስለሚቀር የእናቶችን ምስል ቤት ውስጥ በራስዎ ስልክ ያንሱ። አሁን ደግሞ የደበዘዘ ፊት «የሚያድስ» ፕሮግራም መጥቷል፤ የጎደለውን ከራሱ እየፈጠረ ይሞላል። ውጤቱ ያማረ የሌላ ሴት ፊት ነው።

ከአክስቴ ጋር ካየናቸው መካከል ስማቸው ያልተገኘ አሥራ አንድ ፎቶግራፎች ቀርተዋል። ለብቻቸው በአንድ ፖስታ አድርጌ፣ ዒድ በመጣ ቁጥር ሽማግሌዎችን ስጠይቅ ይዣቸው እዞራለሁ። ባለፈው ዒድ አል-አድሐ አረብ ገንዳ ለሚኖሩ አንድ አዛውንት አሳየኋቸው። አሥሩን አላወቁም። አሥራ አንደኛውን፣ ሰፊ ኮት ለብሶ ቀጥ ብሎ የቆመውን ወጣት፣ ረጅም ጊዜ ተመለከቱና ሳቃቸው መጣ። «ልጁን አላውቀውም። ኮቱን ግን አውቀዋለሁ። የፎቶ አንሺው ኮት ነው፤ እኔም ለብሼው ተነሥቻለሁ» አሉ። ፖስታው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ሰው፣ ገና ያልታወቀ። ኮት፣ የፎቶ ቤቱ። ነጋሪ፣ ሐጂ፣ በዒድ ማግስት።