ጊታሩን ልግዛው ወይስ ልተወው?

ከሁለት ሳምንት በፊት የአንድ ያገለገለ ኤሌክትሪክ ጊታር ፎቶ ለጥፌ «ልግዛው ወይስ ልተወው?» ብዬ ጠይቄያችሁ ነበር። ይህን ያህል ሰው ይመልስልኛል ብዬ አላሰብኩም። ክፍል ውስጥ ጥያቄ ስጠይቅ ጣሪያ ጣሪያ የምታዩ ልጆቼ ሁሉ ስለ ጊታር ሲሆን ሊቃውንት ሆናችሁ። «ቲቸር ይግዙት፣ ድምፃዊ እኛ እናመጣለን» ያላችሁ አላችሁ። «በዚህ ኑሮ ጊታር?» ያላችሁም አላችሁ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ለራሴ የምለው እሱኑ ነበር። በውስጥ መስመር «ምን ወሰንክ?» ለምትሉኝ አንድ በአንድ መመለስ ስላቃተኝ ነገሩን ከነዝርዝሩ እዚሁ ልጻፈው። ረዘም ይላል፤ ቡና አፍሉ።

መጀመሪያ ስለ ገንዘቡ። ግንቦት ላይ ዕቁብ ወጣልኝ፤ 36 ሺህ ብር። ይህ ብር ግን ሳይወጣ በፊትም ስም ነበረው፤ ስሙ «የክረምት ትምህርት» ነው። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት እኔ እስካሁን በዲፕሎማ ነው የማስተምረው። አብረውኝ የተመደቡት ዲግሪያቸውን ይዘዋል፣ ሁለተኛውንም የጨረሱ አሉ። እኔ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለት ጊዜ አቋርጫለሁ፤ አንዴ ልጅ ታሞብኝ፣ አንዴ ደግሞ መንገዱም ጊዜውም አልሆን ብሎ። ዘንድሮ «በ36 ዓመቴ ከእንግዲህ ምን ሊረባኝ» የሚል ነገር ውስጤ ገብቶ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

በዚህ መሀል ነው ቴሌግራም ላይ ጊታሩ ብቅ ያለው። ያማሃ ፓሲፊካ 112፣ ቀይ፣ ያገለገለ፣ ባህር ዳር፣ 28 ሺህ ብር። ያማሃ ሲባል እኛ ጋ ቶሎ የሚታሰበው ኪቦርድ ነው፤ ይሄ ግን በዓለም ላይ ለጀማሪ ይሁን ከሚባሉት ርካሽ ጊታሮች ስሙ በደህና የሚነሳ ዕቃ ነው። «ርካሽ» የሚለው ቃል እዚህ ሲደርስ ትርጉሙን ይቀይራል እንጂ! የዶላሩን ዋጋ ገበያ ይወስነው ከተባለ፣ ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ አዲሱን ዕቃ ዋጋ መጠየቅ ራሱ ያሳፍራል። 28 ሺህ ማለት ለእኔ የሦስት ወር ደሞዝ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ነው።

ባለቤቴን ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። እንጀራ እየጋገረች ስለነበር ምጣዱን ከድና ዝም አለች፤ ከዚያ «ዲግሪውን ትተኸው ከሆነ ጊታሩን እንዳትገዛ። ሳትተወው ከሆነ ግን ስለ ገንዘብ አልጣላህም» አለችኝ። ለማንም ያልተናገርኩትን እንዴት እንዳወቀችው እሷ ታውቃለች። መልስ አልነበረኝም። ያን ሌሊት ብዙ አልተኛሁም።

እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ፤ ይህ የመጀመሪያ ጊታሬ አይደለም። በ2004 ገና አዲስ መምህር ሆኜ ጋይንት ተመድቤ ሳለሁ ከአንድ ሱቅ አንድ ስም የለሽ ጊታር ገዝቼ ነበር፤ ኤሌክትሪክ ያልሆነ፣ ተራ የእንጨት። የጋይንትን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከሥራ መልስ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ከመጽሐፍ ላይ እያየሁ እለማመዳለሁ። አራት ወር ሞከርኩ። ጣቴ ተላጠ፣ ደማ፣ ጠነከረ፤ ድምፁ ግን አልወጣም። ክሩን ስጫነው ይንጣጣል፤ ቃኘሁት ስል አንዱ ቦታ ልክ ሆኖ ሌላው ቦታ ይዛባል። በመጨረሻ «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም» ብዬ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ ስቀየር ለአከራዬ ልጅ ትቼለት መጣሁ። ከዓመታት በኋላ አንድ ሙዚቃ የሚያውቅ ሰው ያን ጊታር አየው። አንገቱ እንደ ቀስት የጎበጠ ነው፤ ክሩና እንጨቱ መሀል ጣት ያስገባል። «ይሄን ማንም አይጫወተውም» አለኝ። እኔ እኮ ጥፋቱ የጣቴ መስሎኝ ነው አሥር ዓመት የኖርኩት።

ይህችን ነገር ክፍል ውስጥ በየዓመቱ አያታለሁ። የሚሠራ ሜትር በሌለበት ቤተ ሙከራ የኦምን ሕግ እናስተምራለን፤ ልጁ መልሱ አልመጣ ሲለው «ፊዚክስ አይገባኝም» ብሎ ይወጣል። መሣሪያው ነው የተበላሸው ብሎ የሚነግረው የለም። ለዚህ ነው «ለመጀመሪያ ምን አገባህ፣ ማንኛውንም አሮጌ ግዛና ሞክር» ያላችሁኝን ያልሰማሁት። ጀማሪ እኮ ዕቃውንና ራሱን መለየት አይችልም።

የአማርኛ መምህሩ ጓደኛዬ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጣ፤ «ክራር ቤትህ ተሰቅሎ የፈረንጅ ዕቃ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። ክራሬን እወደዋለሁ፤ ይህን ማንም እንዳይጠራጠርብኝ። ግን ልጅ ሆኜ እዚሁ ደብረ ታቦር አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ከጠዋት እስከ ማታ ሮሃ ባንድ ያጀባቸው ካሴቶች ይዘፈኑባታል። ሰው ሁሉ ድምፃዊውን ሲሰማ እኔ ከኋላ የምትንቆረቆረውን ነገር ነበር የምሰማው። ያቺ ከአይቤክስ እስከ ሮሃ የተጫወተው የሰላም ስዩም ጊታር መሆኗን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ለእኔ ያቺ ድምፅ መብራት የገባለት ክራር ነው የምትመስለኝ። ደግሞ ጊታር ላይ በአንድ ኦክታቭ ውስጥ 12 ግማሽ ድምፆች ስለተደረደሩ ትዝታውም፣ ባቲውም፣ አምባሰሉም፣ አንቺሆዬውም ያለ አዲስ ቅኝት ይገኛሉ፤ ክራሩን ግን ቅኝት በቀየርኩ ቁጥር ክሩን ማላላትና ማክረር አለብኝ። ጓደኛዬ «ውበቱ እሱ ነው» ይላል፤ እሱም እውነት አለው። መሲንቆ የሚያወጣት፣ ከሁለት ድምፅ መሀል የምትገኝ ልቅሶ መሳይ ነገር ደግሞ ጊታር ላይ ቤት የላትም፤ ክሩን ወደ ጎን ስበህ ነው የምትፈልጋት።

ከሁሉ በላይ ግን ያጓጓኝ ውስጡ ነው። ከክሮቹ ሥር ፒክአፕ የሚባል ነገር አለ (መኪናውን አይደለም!)፤ ማግኔት ነው፣ ዙሪያውን በሺህ የሚቆጠር ዙር ቀጭን የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመበት። የብረቱ ክር ከላይ ሲንቀጠቀጥ የማግኔቱን መስክ ያውከዋል፣ ሽቦው ውስጥ ትንሽ ቮልቴጅ ይፈጠራል። በቃ፣ ይኸው ነው። ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያሳየው፣ እኛ ሰሌዳ ላይ ቀስት እየሣልን የምናስተምረው ኢንዳክሽን! የበገና ክር ከበግ አንጀት ስለሆነ እዚያ ላይ ቢወጠር ፒክአፑ ምንም አይሰማም። ይህን ለተማሪ በጆሮው ብታሰማው ሁለተኛ አይረሳውም። (አዎ፣ ለባለቤቴም እንዲህ ብዬ ላሳምናት ሞክሬ ነበር፤ «ለተማሪዎቹ ነው በለኛ» ብላ ሳቀችብኝ።)

ባለፈው ቅዳሜ መንገዱ ደህና ነው ሲባል በጠዋት ተነሳሁ። ብቻዬን አልሄድኩም፤ እዚህ ሞባይል የሚጠግን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ካላየሁት እንዳይገዙ» ብሎ መልቲ ሜትሩን በቦርሳው ይዞ ተከተለኝ። ወረታ ወርደን የፎገራን ሜዳ አቋርጠን፣ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ረፋድ ላይ ሻጩ ቤት ደረስን። ሻጩ በቅርቡ የተመረቀ ልጅ ነው። ጊታሩን አጎቱ ከውጭ ሲመጣ ያመጣለት ነው፤ አሁን ላፕቶፕ ሊገዛበት ነው። እናቱ ቡና አቅርበው «ይሄን ዕቃ ውሰዱልኝና ልጄ ሥራ ይያዝ» አሉን። ልጁ አንገቱን ደፋ።

አሁን ያገለገለ ጊታር ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ ያደረግነውን ስሙ። መጀመሪያ አንገቱን ነው ያየሁት፤ ከጋይንት ወዲህ ሌላ ነገር አይታየኝም። ክሩን በአንድ እጅ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጅ አንገቱ ከገላው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ተጭነህ መሀሉን ታያለህ። የተወጠረው ክር እንደ ማስመሪያ ሆኖ ያገለግላል። መሀል ላይ ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል ክፍተት ካለ ደግ ነው፤ ብዙ ካለ ጎብጧል። ደግ ነበር። ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት፤ እዚያ የክሩ ርዝመት እኩሌታ ነው። ክሩን ሳትጫን በጣትህ ነካ አድርገህ የምታወጣው ድምፅና ተጭነህ የምታወጣው አንድ መሆን አለባቸው። ስልኬ ላይ በጫንኩት ቲዩነር ስድስቱንም ለካሁ፤ አንዱ ብቻ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ እሱም በዊንጭ የሚስተካከል ነው።

ከዚያ ፍሬቶቹን አንድ በአንድ አየን። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው፣ በቀጫጭኖቹ ክሮች ሥር፣ ብረቱ ጎድጎድ ብሏል። ልጁ ዓመት ሙሉ የት የት ሲመላለስ እንደኖረ ብረቱ ላይ ተጽፏል። ግን አይንጣጣም፤ ገና ብዙ ይሠራል። ድምፅ መቆጣጠሪያውን ስናዞረው ግን እንደ ድሮ ሬዲዮ ተንኮሻኮሸ፣ ገመዱን ነካ ሲያደርጉት ጭራሽ ድምፁ ጠፋ። ሻጩ ደነገጠ፤ «ትላንት ይሠራ ነበር» አለ። እኔም ልቤ ወረደ። ተማሪዬ ግን ፈገግ ብሎ የገመዱን መሰኪያ ሁለት ብሎን ፈታ። ሽቦው ከተበየደበት ለቅቋል፤ ሌላው አቧራ ነው። «የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው ቲቸር» አለኝ በጆሮዬ፣ ዋጋው እንዳይወደድብኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ብልሽቱ ትንሽ መሆኑን ሳልናገር በ20 ሺህ መጨረስ እችል ነበር። ልጁ ዝግጁ ነበር። ግን መምህር ሆኜ፣ ከተማሪዬ ፊት፣ የልጁ እናት ቡናዬን እየቀዱልኝ... አልሆነልኝም። ነገርኩት። በ24 ሺህ ተስማማን።

ከመክፈሌ በፊት ወደ ግቢው ወጥቼ ባለቤቴ ጋ ደወልኩ። «አየኸው?» አለች። አየሁት አልኳት። «ጥያቄዬንስ?» አለችኝ። እዚያው ቆሜ የክረምቱን ምዝገባ በስልኬ ከፈልኩ። ከ36 ሺህ ላይ ለጊታሩ 24 ሲነሳ የሚቀረው 12 ሺህ ነው፤ ክፍያው ደግሞ ከ11 ሺህ በላይ ነበር። የደረሰኙን ፎቶ ላኩላት። ትንሽ ቆይታ «ቆርቆሮውን ለሚቀጥለው ዕቁብ እንጠብቃለን። በደህና ግባ» ብላ ጻፈችልኝ። የኩሽናው ጣሪያ እንደሚያፈስ ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ከገበያ ላስቲክ ገዝቼ ገባሁ፤ ትላንት ወጥቼ አልብሼዋለሁ።

ልንወጣ ስንል ሻጩ «አንዴ ልጫወተው?» አለኝ። ሰጠሁት። ያለ አምፕሊፋየር ኤሌክትሪክ ጊታር ከሹክሹክታ ብዙም አያልፍም፤ ሁላችንም ጎንበስ ብለን ሰማነው። ትዝታ ነበር። እናቱ ሲኒውን እያነሱ ቆም አሉ። ጨርሶ በጨርቅ ጠርጎ መለሰልኝ።

አምፕሊፋየር አልገዛሁም፤ ብርም የለኝም፣ መብራቱም እንደምታውቁት ነው። ተማሪዬ ኤልኤም 386 በምትባል ስምንት እግር ባላት ትንሽ አይሲና ከአሮጌ ሬዲዮ በተነቀለ ስፒከር፣ በዘጠኝ ቮልት ባትሪ የምትሠራ አንዲት ሳጥን እየገጣጠመልኝ ነው። ኃይሏ ግማሽ ዋት ግድም ነው፤ ለጎረቤትም ሰላም ነው። ያማሃ ኩባንያ ራሱ መነሻው ጥገና ነው፤ ቶራኩሱ ያማሃ በ1887 እ.ኤ.አ. ሐማማትሱ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት የተበላሸ ኦርጋን ጠግኖ ነው የጀመረው። ይህን ስነግረው ሳጥኗ ላይ በማርከር «ጋፋት» ብሎ ጻፈባት። ሴባስቶፖል የተሠራችበት ቦታ ከእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለምና ይገባዋል። ያቺ 70 ኩንታል ግድም ነበረች፣ ይቺ ኪስ ውስጥ ትገባለች።

ሐምሌ ላይ ለትምህርት ስወጣ ጊታሩ እዚህ ይቀራል፤ ይህም የባለቤቴ ውሳኔ ነው። መስከረም ላይ ክፍል ይዤው እገባለሁ። አሁን የማስቸግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ክሮቹ ዝገዋል። ከአዲስ አበባ የምትመጡ ካላችሁ አንድ ጥቅል የኤሌክትሪክ ጊታር ክር፣ ከ10 እስከ 46 የሚለውን፣ ያዙልኝ። የአኮስቲኩን የነሐስ ክር እንዳታመጡብኝ፤ ፒክአፑ ደህና አድርጎ አይሰማውም፣ ለምን እንደሆነ የ10ኛ ክፍል ልጆቼ ኮሜንት ላይ ያስረዷችኋል። ሒሳቡን ደሞዝ ሲገባ እልካለሁ።