አሥራ ሦስት ደቂቃ በሰሜን ለንደን

ለንደን የሄድኩት አራስ ልጠይቅ ነው። የአክስቴ ልጅ ሁለተኛ ልጇን የካቲት መጨረሻ ላይ ተገላገለች፤ እኔም አንድ ሻንጣ ሙሉ ሽሮ፣ በርበሬና በሶ ይዤ በመጋቢት አጋማሽ ደረስኩ። ቤታቸው ከካሌዶኒያን ሮድ ገባ ብሎ ነው። በዚያ መንገድ ላይ የሐበሻ ምግብ ቤት ብርቅ አይደለም፤ ሁዳዴ ስለነበረ የሽሮውና የምስሩ ሽታ እስከ አስፋልቱ ይወጣል። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ያህል በእግር ቢኬድ ደግሞ የአርሰናል ሜዳ፣ ኤመሬትስ ስታዲየም፣ ይገኛል።

አርሰናልን የወደድኩት ዲኤስ ቲቪ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቄ ተቀምጬ ነው። ኦንሪን፣ ቪዬራን፣ በርካምፕን፣ ያለ ሽንፈት ያለቀውን የ2003/04 የሊግ ውድድር ዘመን፣ ሁሉንም በዚያ አግዳሚ ላይ ሆኜ አይቻለሁ። አሁን ሜዳው ደጄ ላይ ሆኖ የወንዶቹ ቡድን አይጫወትም፤ ሳምንቱ የብሔራዊ ቡድኖች ነበር። ግንቡን ዞሬ አይቼው ልመለስ ወስኜ ሳለ የአሥራ አንድ ዓመቷ የቤቱ ልጅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ረቡዕ ማታ ሥራ አለህ?»

ትኬቱ የተቆረጠው ለእሷና ለእናቷ ነበር። እናት አራስ ቤት ናት፤ አባት የማታ ፈረቃ ይሠራል። ልጅቷ ደግሞ ጀርባው ላይ «ሩሶ 23» የተጻፈበት ማልያዋን ከሰኞ ጀምራ ወንበር ላይ ዘርግታዋለች። የማን ጨዋታ እንደሆነ ስጠይቃት ግራ ተጋብታ አየችኝ። «የአርሰናል ነዋ! ሻምፒዮንስ ሊግ፣ ሩብ ፍጻሜ። ማድሪድ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፈናል፤ ግን እንገለብጠዋለን።»

ስለ ሴቶቹ ቡድን «ተሸንፈናል» ያለችበት አነጋገር እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። እኔ በልጅነቴ ስለ ቡድኔ የተናገርኩት ልክ በዚያ ድምፅ ነበር።

መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ከቤት ወጣን። ጨዋታው የሚጀምረው ምሽት 2 ሰዓት ላይ ነው። ወደ ስታዲየሙ ስንቃረብ መንገዱ በቀይ ሻርፕ እየሞላ ሄደ። የእግር ኳስ ሕዝብ ከካምቦሎጆ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ሚስማር ተራም ካታንጋም ቆሜ ጮኼአለሁ። ይኼኛው ሕዝብ ግን ሌላ መልክ ነበረው። አያትና የልጅ ልጅ፣ ሦስት ሴት ልጆቹን አስከትሎ የሚሄድ አባት፣ ከሥራ በቀጥታ የመጡ ወጣት ሴቶች፣ በካርቶን ላይ የሚወዷትን ተጫዋች ስም በቀለም የጻፉ ሕፃናት። የሚገፋፋ የለም፤ የሚሳደብም አልሰማሁም። ኦንሪ ግብ አግብቶ በጉልበቱ ሲንሸራተት የሚያሳየው ሐውልት ጋ ስንደርስ ቆምኩ። ልጅቷ ፎቶ አነሳችኝና እጄን ይዛ ጎተተችኝ፤ ተጫዋቾቹ ሲያሟሙቁ ማየት አለባት።

ስልሳ ሺህ ሰው በሚይዘው ስታዲየም ያን ምሽት የተገኘው ከ22 ሺህ ጥቂት የሚበልጥ ነው። ላይኛው እርከን አብዛኛው ባዶ ነበር፤ ይህንን መደበቅ አያስፈልግም። እንደዚያም ሆኖ በሥራ ቀን ማታ፣ በብርድ፣ 22 ሺህ ሰው። ከአንድ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024፣ ከማንቸስተር ዩናይትድ ጋር ሲጫወቱ ትኬቱ አልቆ 60,160 ሰው ተገኝቶ ነበር። ይህ የሴቶች ቡድን ለረጅም ጊዜ የተጫወተው ከከተማው ወጣ ብሎ ቦረሃምዉድ በሚገኘው ትንሽ ሜዳ ላይ ነው፤ እዚያ ጥቂት ሺህ ሰው ከገባ ይሞላል። ቡድኑን እ.ኤ.አ. በ1987 የመሠረቱት ቪክ ኤከርስ ለብዙ ዓመታት የወንዶቹ ቡድን የትጥቅ ኃላፊም ነበሩ። የወንዶቹን ማልያ እያሰናዱ በጎን የሴቶቹን ቡድን አሠልጥነው በ2007 የአውሮፓን ዋንጫ አስገኙ። ከእንግሊዝ ሴቶች ክለቦች ያንን ዋንጫ ያነሣ ከእነሱ በፊት አልነበረም። ያኔ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ የወንዶቹን እያንዳንዱን ውጤት በቃሌ አውቅ ነበር፤ ይህንን ግን የነገረኝ ሰው የለም።

ጨዋታው ተጀመረ። የመጀመሪያው የገረመኝ ነገር ድምፁ ነው። ከፊት ረድፍ ብዙም አልራቅንም፤ ኳሷ በእግር ስትመታ የሚሰማው ድምፅ፣ ተከላካዮቹ የሚጠራሩት ስም፣ ሁሉም ይደርሰናል። ከዚያ ደግሞ የሕዝቡ ጩኸት አለ። እኔ የለመድኩት የወንድ ጉሮሮ የሚያወጣውን ወፍራም ጉርምርምታ ነው፤ እዚህ የሴትና የልጅ ድምፅ ስለሚበዛ ጩኸቱ ቀጭን ሆኖ ወደ ላይ ይወጣል። ዓይኔን ብጨፍን የጥምቀት እልልታ ይመስለኝ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ጨዋታው ራሱ ነው። ሜዳው ያው ነው፣ ግቡም ኳሱም ያው ነው፣ ሰዓቱም ዘጠና ደቂቃ። ሩጫው ከወንዶቹ ትንሽ ረገብ ይላል። በዚህ ምክንያት ጨዋታው ይገለጥልሃል፤ ቅብብሉ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ታያለህ። ዓይኔ ቶሎ ያረፈው አሥር ቁጥሯ ላይ ነው፤ አምበሏ ኪም ሊትል፣ ስኮትላንዳዊት፣ ቁመቷ አጠር ያለ። ኳስ ሳትደርሳት በፊት ወደ ግራ ትከሻዋ፣ ቀጥሎም ወደ ቀኝ ዞር ትላለች። ኳሷ ስትመጣ የምታደርገውን አውቃ ጨርሳለች፤ በአንድ ንክኪ ከሁለት ተጋጣሚዎች መሐል ትወጣለች። አብዶ አትሠራም። ተጋጣሚዋ ወደ ባዶ ቦታ እግሯን ስትሰድ እሷ ኳሷን ለሌላ ሰጥታ ሄዳለች። በቴሌቪዥን ካሜራው ኳሷን ስለሚከተል ይህ አይታይም። እዚያ ተቀምጬ ግን ለረጅም ጊዜ ኳሷን ትቼ እሷን ብቻ ስመለከት ነበር።

ሌላም አስተዋልኩ። የወደቀች ተጫዋች ቶሎ ትነሣለች። ዳኛዋን ከብቦ የሚጮህ አላየሁም። ሰዓት ለመግደል ሜዳ ላይ መንከባለል በወንዶቹ ጨዋታ ስንት ምሽት እንዳበላሸብኝ የተሰማኝ ያኔ ነው።

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ግብ አለቀ። ልጅቷ እሷም የተጫዋች ስም የጻፈችበትን ካርቶን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ዝም አለች። ሻይ ገዝቼ መጣሁና ገና 45 ደቂቃ አለ አልኳት። «አውቃለሁ» አለች፤ ሻይውን ግን አልቀመሰችውም።

ከዕረፍት መልስ ሰው ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደል፣ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ፣ ክሎይ ኬሊ ከቀኝ መስመር አሻማች፤ አሌሲያ ሩሶ ከቅርብ ርቀት አገባች። ኬሊ እ.ኤ.አ. በ2022 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ዌምብሊ ላይ ከ87 ሺህ በላይ ሰው ፊት ጀርመን ላይ የማሸነፊያዋን ግብ ያስቆጠረች ናት። ከዚያ በኋላ ግን ማንቸስተር ሲቲ ውስጥ የመሰለፍ ዕድሏ እየጠበበ ሄዶ፣ በውሰት ወደ አርሰናል ከመጣች ገና ሁለት ወር አልሞላትም ነበር። በ49ኛው ደቂቃ እንደገና ኬሊ አሻማች፤ ስፔናዊቷ ማሪዮና ካልደንቴይ በቴስታ አገባችው። 2 ለ 0፤ በድምር ውጤት እኩል። በ59ኛው ደቂቃ ሩሶ ደግማ ሦስተኛውን አገባች።

አሥራ ሦስት ደቂቃ። ልጅቷ ካርቶኗ ከእጇ ወድቆ አንገቴ ላይ ተንጠልጥላለች። ከፊታችን የተቀመጡት ነጭ ፀጉር ያላቸው እናት ዞረው ሁለታችንንም አቀፉን፤ ምን እንዳሉኝ አልሰማሁም። እኔ ምን እያልኩ እንደነበር ልጅቷ ኋላ ነገረችኝ፤ በአማርኛ «እሰይ! እሰይ!» እያልኩ ነበር።

የቀረው ግማሽ ሰዓት ረጅም ነበር። አንድ የሪያል ማድሪድ ግብ ሁሉንም ወደ እኩል ይመልሰዋል። ሊያ ዊሊያምሰን ከኋላ ሆና እጇን እየዘረጋች ተከላካይ መስመሩን ስታሰልፍ አያታለሁ። ይህች ልጅ በ2023 የጉልበት ጅማቷ ተበጥሶ የዓለም ዋንጫ ያመለጣት ናት። በዚያው የውድድር ዘመን ቤት ሜድና ቪቪያኔ ሚደማም በተመሳሳይ ጉዳት ከሜዳ ርቀዋል። የሴት ተጫዋቾችን ጉልበት ደጋግሞ የሚያጠቃው ይህ ጉዳት በጥናትም በገንዘብም የሚገባውን ያህል ትኩረት ሳያገኝ መቆየቱ ያሳዝነኛል። ጨዋታው 3 ለ 0 አለቀ።

ስንመለስ ልጅቷ በትምህርት ቤት የጻፈችውን ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 26 ቀን 1920 ሊቨርፑል ከተማ ጉዲሰን ፓርክ ላይ 53 ሺህ ሰው የሴቶች ጨዋታ ለማየት ገብቷል። ከተጫወቱት ቡድኖች አንዱ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፕሬስተን ውስጥ ዲክ ኬር በሚባል ፋብሪካ ጥይት ሲሠሩ የነበሩ ሴቶች የመሠረቱት ነው፤ ከትኬቱ የተገኘው ገንዘብ ለተቸገሩ የቀድሞ ወታደሮች ተሰጠ። በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 1921፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ኳስ ለሴት አይመችም ብሎ ክለቦች ሜዳቸውን ለሴቶች እንዳይሰጡ ከለከለ። እገዳው ግማሽ ምዕተ ዓመት ግድም ቆየ። ስለዚህ የሴቶች ኳስ ተመልካች የለውም ሲባል ስሰማ ከእንግዲህ ዝም አልልም። ተመልካቹ ነበረ፤ የተነፈገው ሜዳው ነው።

በአውሮፕላን ስመለስ የራሳችንን አሰብኩ። የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ሉሲዎቹ እ.ኤ.አ. በ2004 በሴቶች የአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ ሆነው ሲመለሱ ያወቀ ስንት ሰው ነበር? ከዱራሜ የተነሣችው ሎዛ አበራ ማልታ ውስጥ ለቢርኪርካራ በአንድ የውድድር ዘመን 30 ግብ አስቆጥራለች፤ በ2024 ደግሞ ወደ ዋሽንግተኑ ዲሲ ፓወር ተሻገረች፤ ያ ሁሉ የአበሻ ሕዝብ በሚኖርበት ከተማ። በዚያው ዓመት የንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ማጣሪያ አሸንፎ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አፍሪካ ሴቶች ሻምፒዮንስ ሊግ አለፈ። አበበ ቢቂላ ከቤቴ ሩቅ አይደለም። እኔ ያንን ጨዋታ ሜዳ ገብቼ አላየሁትም፤ ይህ አሁንም ይቆጨኛል።

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ። የአውሮፓው ሻምፒዮንስ ሊግ የፍጻሜ ጨዋታ ሊዝበን ላይ ነው፤ አርሰናልና ባርሴሎና። ባርሴሎና ከዚያ በፊት ዋንጫውን ሁለት ዓመት በተከታታይ ወስዷል፤ አሸናፊ ይሆናል ተብሎ የተገመተውም እሱ ነበር። እኔ አዲስ አበባ፣ ሶፋዬ ላይ፣ በአንድ ስልክ ጨዋታውን እያየሁ፣ በሌላው ከለንደን ጋር በቪዲዮ ተገናኝቻለሁ። ልጅቷ ማልያዋን ለብሳለች። ወንድሟ ክርስትና ተነሥቶ ወፍሯል፤ እናቱ ጭን ላይ ተኝቷል። ጨዋታው 0 ለ 0 ነው። በ67ኛው ደቂቃ ሁለት ቅያሪዎች ገቡ፤ ከጉልበት ጉዳቷ የተመለሰችው ቤት ሜድና ስዊድናዊቷ ስቲና ብላክስቴኒየስ።

የእነሱ ምስል ከእኔ በጥቂት ሰከንድ ይቀድም ነበር። ይህን ያወቅነው ቀደም ብሎ ነው፤ ልጅቷም እንዳታበላሽብኝ ብላ አፏን በእጇ ይዛ ነበር የምታየው። በ74ኛው ደቂቃ ግን አልቻለችም። «ጋሼ!» ብላ ጮኸች፤ ሕፃኑ ደንግጦ አለቀሰ፤ እናትየው እልል አለች። በእኔ ስልክ ላይ ሜድ ኳሷን ለብላክስቴኒየስ ገና አልሰጠቻትም ነበር።