የሙት ካርድ

መምህሩ ሰሌዳው ላይ አንድ የዕብራይስጥ ቃል ጻፈና ሁለት ጊዜ አሰመረበት። በእኛ አፍ «የሌለ ተረጂ» እንደ ማለት ነው፤ ሞቶ ወይም ጥሎ ሄዶ ሳለ በስሙ ስፍር የሚወጣለት ሰው። «ከአይጥና ከነቀዝ ይልቅ መጋዘናችሁን የሚያራቁተው ይሄ ነው» አለ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ በመስኮት የሐይፋ ወደብን ክሬኖች እያየሁ ታናሽ ወንድሜን አሰብኩ። ወንድሜ 19 ቀን ሙሉ የሌለ ተረጂ ነበር።

ሃያ ዓመት በሆስፒታል የመድኃኒት መጋዘን ሠርቼ፣ በሃምሳ አንድ ዓመቴ የአደጋ ጊዜ አቅርቦት ለመማር የተመዘገብኩት ለደመወዝ ጭማሪ ነው፤ ሌላ ምክንያት አልፈጥርም። መምህሩ ልጄ ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። የኢትዮጵያ አይሁድ ወደ እስራኤል የተወሰዱበትን ዘመቻ ሰሎሞንን በጣም ይወዳል። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1991 ከ36 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰው፣ የአውሮፕላን መቀመጫ ተነቅሎ፣ በአንዱ ጃምቦ ብቻ ከ1,000 ሰው በላይ። እውነትም ያስደንቃል። የእኛ ግን የፍጥነት ታሪክ አይደለም፤ እኛ የተፈተንነው በመጠበቅ ነው።

ከጎንደር የወጣነው በ1976 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ፣ በሌሊት ነው። አሥር ዓመቴ ነበር። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሁለት ቅል ውኃ፣ አንድ አህያ። አህያዋን አርማጭሆ ቆላ ላይ ሽፍታ ወሰዳት። ስለ መንገዱ ብዙ ሰው ተናግሯል፤ አልደግመውም። ሱዳን፣ ገዳሪፍ አካባቢ ኡም ረኩባ ካምፕ ስንደርስ ሴቶቹ እልል ሊሉ ሲሉ አባቴ አፋቸውን አስያዛቸው። ቤተ እስራኤል፣ አይሁድ፣ መሆናችን መታወቅ አልነበረበትም። መዝጋቢው ሲመጣ አባቴ የሁላችንንም ስም ቀየረ፤ የአራት ዓመቱን ወንድሜን ሳይቀር። እናቴ አርብ ሳይመሽ እሳቱን በፋንድያ ታዳፍነው ነበር፤ ሰንበት ዕለት ጭስ የማይወጣበት ጎጆ ያስነቃል። ኦሪቱ ይህን እንደማይወድ እያወቀች ነው።

ስፍሩ ማሽላ ነበር፣ ያልተፈጨ። ወፍጮ የለም። እናቴ ሁለት ድንጋይ ፈልጋ ትፈጫለች፣ እኔ ጭራሮ ለመልቀም ግማሽ ቀን እሄዳለሁ። የዱቄት ወተትም ይሰጠን ነበር፤ በደፈረሰ ውኃ ስለሚበጠበጥ ሕፃናቱን ተቅማጥ ጨረሳቸው። እህል ስትልክ ማገዶውንና ወፍጮውን አብረህ አስብ፣ ንጹሕ ውኃ ከሌለ የዱቄት ወተት አታድል የሚለውን በኮርሱ ሁለተኛ ሳምንት ተማርኩ። ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውኃ፣ 2,100 ካሎሪ፣ ለ20 ሰው አንድ መጸዳጃ። ከ10,000 ሰው በቀን አንድ ከሞተ አስቸኳይ ሁኔታ ነው ይባላል። ይህን ስጽፍ የኛን መደዳ ጎጆዎች በጣቴ ቆጠርኩ፤ ከዚያ ተውኩት።

ክረምቱ ሲገባ ኩፍኝ ገባ። ዛሬ ሕጉ ግልጽ ነው፤ ካምፕ ሲከፈት ከ6 ወር እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆች ከማንም በፊት ይከተባሉ። ክትባቱ ግን እስከ መጨረሻዋ ድንኳን ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቆየት አለበት። ሱዳን በረሃ ላይ ይህ በረዶ፣ ሳጥን፣ መኪና፣ ናፍጣ ማለት ነው፤ አንዱ ከጎደለ ብልቃጡ ውስጥ ያለው ከውኃ አይሻልም። እኛን የወጋን ሰው አላስታውስም።

ወንድሜ በሌሊት አረፈ። አባቴና አጎቴ ቀበሩት። ሬሳ የነካ ሰባት ቀን ከቤት መራቅ ሲገባው፣ አባቴ እንዳያስነቃ በማግስቱ ከእኛ ጋር ተኛ። እናቴ አላለቀሰችም። ጠዋት የስፍር ካርዱን ሰጠችኝና «ስሙን ሲጠሩ፣ አሞት ተኝቷል በይ» አለችኝ። ጡቷ ደርቆ ነበር፤ እቅፏ ውስጥ የስምንት ወር እህቴ ነበረች። የሐሰት ስሙ ከእሱ በላይ 19 ቀን ኖረ። በሃያኛው ቀን ቆጣሪዎች ጎጆ ለጎጆ ሲዞሩ ካርዱ ተነጠቀ፤ ያን ጊዜ እናቴ መሬት ላይ ወድቃ ጮኸች። ጎረቤቶች ለካርዱ መስሏቸው «ተይ፣ እህል ፈጣሪ ይሰጣል» እያሉ አጽናኗት።

ይህን በክፍል ተናገርኩ፤ በዕብራይስጥ፣ እየተንተባተብኩ። መምህሩ «አዝናለሁ» ብሎ አላለፈውም፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። «ያንን ማሽላ ስሟ ያልተመዘገበ ሌላ እናት ስትጠብቀው ቢሆንስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ስሙ ያልተመዘገበ ሰው መኖሩን ከእኔ የበለጠ ማን ያውቃል? ግን በዚያው ዘመን፣ ወሎና ትግራይ ሲራብ፣ አሰብ ወደብ ላይ የእርዳታ እህል ጫኝ መኪና አጥቶ ተከምሮ እንደነበር የነገረን ራሱ መምህሩ ነው። ለዚያ ክምር ሰሌዳው ላይ የስድብ ቃል አልጻፈለትም። ይህን ግን አልኩት።

እኛን ከሱዳን ወደ እስራኤል የወሰደን ዘመቻ ሙሴ ከኅዳር 21 ቀን 1984 እስከ ጥር 5 ቀን 1985 በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የሄደው። በሌሊት አውቶቡስ ወደ ካርቱም፣ ከዚያ በቤልጅግ ኩባንያ አውሮፕላን በብራስልስ በኩል። ወሬው ሲወጣ ሱዳን አስቆመችው። በመንገድና በካምፕ 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል፤ መታሰቢያቸው ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ ነው።

የኛ ተራ ታኅሣሥ ላይ ደረሰ። ከአውቶቡሱ በር አጠገብ አንድ የኛ ሰው ባትሪውን በነጠላው ከልሎ ዝርዝር ያነባል። ከክረምቱ በፊት የተጻፈ ነው፣ በእውነተኛ ስማችን። አባቴን በስሙ ጠራና «አምስት» አለ።

አባቴ እናቴን አየ፣ እህቴን አየ፣ እኔን አየ።

«አራት ነን» አለ።

ሰውየው እርሳሱን አውጥቶ አረመው።