ጀልባ ጥርስ የላትም

በሬ መግዛት እናውቃለን። ፍኖተ ሰላም ገበያ እየዋለ ያደገ ሰው በሬ መምረጥ አልችልም ቢል ይዋሻል። ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን መቁጠር፣ የቀንበር ጠባሳውን በመዳፍ ዳብሶ የትኛው ትከሻ እንደደከመ ማወቅ፣ ጥቂት አስኪዶ እርምጃውን ማየት፣ ባለቤቱ ስለምን እንደሚሸጠው ሳይጠይቁ መጠየቅ፤ ይህን ሁሉ ሀ ሁ ሳንቆጥር ነው የተማርነው። ያልተማርነው ጀልባ መግዛት ነው። በ2006 ዓ.ም. ጥር ወር ውስጥ እኛ ሦስት ወንድምና እኅት፣ እናታችንን ይዘን፣ የአንድ በሬ ዋጋና የዓመቱን በርበሬ ሽያጭ በእናታችን መቀነት አስቋጥረን፣ አሮጌ ጀልባ ልንገዛ ባሕር ዳር ሄድን።

የጃቢ ጠህናን ባላገር ከጀልባ ጋር ምን አገናኘው የምትሉ ትኖራላችሁ። ጎረቤቶቻችንም ብለውታል። ነገሩ የመሬት ነገር ነው። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን መሬት ሲሸነሸን ታላቅ ወንድማችን ገና ከብት ጠባቂ ልጅ ነበረ። ያኔ የደረሰው ሁሉ ደረሰው፤ ከዚያ ወዲህ የጎረመሰው የአባቱን ቃዳ አሻግሮ እያየ ቀረ። የአባታችን ማሳ ለአምስት ልጅ ቢካፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥንድ በሬ አዙሮ የማያስመልስ ነው። ወንድማችን መጀመሪያ ቡሬ ሄዶ ጆንያ ተሸከመ፤ ቀጥሎ ባሕር ዳር ገብቶ ከአንድ ባለ ጀልባ ዘንድ አሣ አስጋሪ ሆኖ ተቀጠረ። ከሚያዘው አሣ ለጀልባው አንድ እጅ፣ ለመረቡ አንድ እጅ ይነሣል፤ የቀረውን ሠራተኞቹ ይካፈሉታል። አምስት ዓመት እንዲህ ሠራና አንድ ቀን መጥቶ፣ «እኔ የማርሰው በሰው በሬ ነው፤ የራሴ ጀልባ ይኑረኝ» አለ። እርሱ ጀልባዋን እያለ እኛ የሰማነው በሬውን ነው። ስለዚህ ገባን።

አባታችን ግን አልወደዱትም። «የገበሬ ልጅ ውኃ ላይ ምን ሊዘራ ነው?» አሉ። በሆዳቸው ያለው ሌላ ነበረ። በእኛ አገር አሣ ማስገር የወይጦ ሥራ ነው ይባላል። የጣናን ዳር ከጥንት ጀምሮ የያዙት ነገደ ወይጦዎች ታንኳ ሲሠሩና አሣ ሲያሰግሩ ኖረው፣ «ጉማሬ በል» እየተባሉ ለስንት ዘመን ተንቀዋል። አባታችን ልጄ ወይጦ ሆነ ተብሎ እንዳይወራባቸው ፈሩ። ይህን ሸፍነን ልናልፈው እንችል ነበር፤ ግን የመቀነታችንን ገንዘብ በኋላ ያተረፈልን ማን እንደሆነ ስትሰሙ መሸፈኑ ነውር ይሆንብናል።

በዚያ ላይ እኛም አሣ አልያዝንም ማለት አንችልም። ልጆች ሳለን በበጋ ላህ ወንዝ ሲጎድልና ውኃው በየጉድባው ሲቀር፣ የብርብራ ፍሬ ወቅጠን እንበትንበት ነበር። ጥቂት ቆይቶ አሣው ሰክሮ ሆዱን ወደ ሰማይ ገልብጦ ይንሳፈፋል፤ በእጅ መልቀም ነው። ጣት የማታክል ሳትቀር ትሞታለች። ትልልቁን ጠብሰን እንበላለን፤ ትንንሹ እዚያው ይሸታል። ማንም አልተቆጣንም፤ አሣ ከብት አይደለማ።

መንገዱን አናስረዝመው። ቡሬ ላይ አንዱ መንገድ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወርዳል፤ የእኛው በጥሊሊ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በመራዊ አድርጎ ባሕር ዳር ይገባል፤ ከፍኖተ ሰላም 175 ኪሎሜትር ግድም ነው። ወንድማችን በመስኮት እያሳየ የውኃውን ነገር ነገረን። የእኛዎቹ ላህና ብር ወደ ደቡብ ወርደው ዓባይ ይገባሉ። ከእኛ ብዙም የማይርቀው የሰከላው ግሽ ዓባይ ግን ወደ ሰሜን ሄዶ ጣና ይገባል፤ ከጣና ባሕር ዳር ላይ ይወጣና ጎጃምን በምሥራቅ ዞሮ፣ ተመልሶ በታች በኩል የእኛን ወንዞች ይቀበላል። እናታችን ይህን ሰምተው ዝም አሉ። ዱርቤቴ ስንደርስ፣ «ታዲያ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቢጠብቀው ውኃው ይመጣለት የለም ወይ?» አሉት። መኪናው ሙሉ ሳቀ።

ባሕር ዳር ያየናት የመጀመሪያይቱ ጀልባ ሰማያዊ ነበረች፤ አዲስ ቀለም፣ ከሥሯም አዲስ ሬንጅ። የእንጨት ናት፤ ሁለት መቅዘፊያ አላት። ባለቤቷ የሥራ ለውጥ ፈልጌ ነው የምሸጣት አለን። በጭንቅላታችን የነበረው በሬ ነውና ዞር ዞር ብለን አየናት፤ ወፍራም፣ የሚያብረቀርቅ ጠጉር ያለው በሬ ትመስላለች። ውኃ ላይ ቁማ ስትወዛወዝ ታምራለች። ወንድማችን እንኳን ጓጉቶ ዐይኑን አላሸም። 14 ሺህ ብር አሉን፤ 12 ሺህ ላይ ተስማማንና 1 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠን። ደረሰኝ የለ፣ ምስክር የለ።

ከዚያ በኋላ ነው በዳር ታንኳ የሚያስሩትን ሽማግሌ ያገኘናቸው። ነገደ ወይጦ ናቸው። ደንገሉን በጉልበታቸው ረግጠው፣ ገመዱን በጥርሳቸው ይዘው ሲጎትቱ እናታችን አጠገባቸው ተቀምጠው ያያሉ፤ እጅ ሥራ ባለበት ሁሉ እናታችን አሉ። «አንቱ፣ ይኸ ስንት ዓመት ያገለግላል?» አሏቸው። ሽማግሌው ሳቁና፣ «ዓመት? ወር በይ እንጂ የኔ እናት» አሉ። ለካስ ታንኳ ውኃ ትጠጣለች። ከሐይቅ ስትወጣ ዳር ላይ ቁማ በፀሐይ ትደርቃለች፤ እንዲያም ሆኖ ከጥቂት ወራት በላይ አትዘልቅም፤ ትበሰብስና ሌላ ትታሰራለች። ስለዚህ አሮጌ ታንኳ የሚባል ዕቃ በገበያ የለም። (በ1961 ዓ.ም. ቶር ሄየርዳል የተባለው ኖርዌያዊ ከዚሁ ከጣና ደንገል አስቆርጦ፣ በቻድ ሐይቅ ባለሙያዎች «ራ» የምትባል ጀልባ ግብፅ ውስጥ አሠርቶ፣ ከሞሮኮ ተነሥቶ አትላንቲክን ሊሻገር ሞክሮ ነበር። ብዙውን መንገድ ከሄደ በኋላ ደንገሉ እየተፈታ ጥሏት ወጣ። በሁለተኛው ዓመት በሌላ ጀልባ ተሻገረ። የእኛን ሽማግሌ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ የወሩን ሒሳብ ይነግሩት ነበር እንላለን።)

እናታችን ስለ ሰማያዊይቱ አጫወቷቸው። ሽማግሌው ጀልባዋን ያውቋት ኖሯል፤ ሰው ማማት አልፈለጉም። «ውኃ ላይ ያለች ጀልባ አትግዙ። አስወጥታችሁ እዩ፤ የወጋችሁትን ትነግራችኋለች» ብቻ አሉ።

መውጊያ ከየት ይምጣ? እናታችን ወስፌ ሳይዙ ከቤት ወጥተው አያውቁም፤ ስፌታቸው አብሯቸው ይዞራል። በማግስቱ ሻጩን ለምነን ጀልባዋን ወደ ዳር አስጎተትን። እናታችን ነጠላቸውን አገልድመው ተንበረከኩና፣ ሙዳይ እንደሚሰፉ ሁሉ ከአፍንጫዋ ጀምረው ሣንቃውን በወስፌ ይወጉት ጀመር። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል ደኅናው እንጨት። ወገቧ ላይ ሲደርሱ ድምፁ ጠፋ። ወስፌው እስከ እጀታው ገባ። ሲነቅሉት ጫፉ ላይ ጥቁር፣ እርጥብ፣ የበሰበሰ ጌሾ የመሰለ ነገር ይዞ ወጣ። ሬንጁ ሥር እንጨት አልነበረም። ሻጩ አልደነገጠም፤ «አሮጌ ነው ብያችኋለሁ እኮ» አለን። እውነቱን ነው፤ ብሎናል። ቀብዱን ግን አልመለሰም። 1 ሺህ ብር በዚያ ዘመን የአንዳችንን የዓመት ደብተር፣ ልብስና የቤት ኪራይ የሚችል ገንዘብ ነበር። ያን ሌሊት ወንድማችን በተከራያት ክፍል ውስጥ አራታችን ተደርድረን ተኝተን ማናችንም አልተኛንም። ገንዘቡ አይደለም፤ አባታችን ምን ይላሉ ነው።

ሁለተኛይቱን ለማግኘት ስድስት ቀን ፈጀ። ይቺ አላማረችም። ቀለሟ ተልጧል፤ ሁለት ቦታ ላይ ቆርቆሮ ተመትቶባታል። ሽማግሌው ራሳቸው መጡልን፤ ዋጋ አልጠየቁም፤ ቡና ብቻ ጠጡ። ወስፌው በሁሉም ቦታ ጠቅ አለ። ከዚያ ሌላ ጥበብ አሳዩን፤ ጀልባዋን በደረቅ መሬት ላይ በድንጋይ አስደግፈው ከውስጧ ውኃ አስሞሉን። በባልዲ ስንቀዳ፣ ስናመላልስ፣ ያላፊ አግዳሚው መሳቂያ ሆንን፤ ሰው ጀልባን ከውኃ ያወጣል እንጂ ውኃን ጀልባ ውስጥ ይጨምራል? ግን በውጪ በኩል አራት ቦታ ላይ ላብ እንደሚያልበው ግንባር ጤዛ ጤዛ አለች። አራቱንም በከሰል ምልክት አደረግንባቸው። ወንድማችን በኋላ በጥጥና በሬንጅ የደፈናቸው እነዚያኑ ነው። ሙሉ ውኃ ከውስጥ ካልደፈናችሁ ሐይቅ ላይ ሆናችሁ አትፈልጉትም።

በ11 ሺህ ብር ተዋዋልን፤ ሦስት ምስክር፣ ፊርማና የጣት አሻራ። ለመረብ የተረፈን ትንሽ ነበርና ከዚህ ላይ ፈተና መጣ። ባለ ነጠላ ላስቲክ ክር፣ ዐይኑ ጠባብ መረብ በርካሽ ይሸጣል፤ ውኃ ውስጥ አይታይም፤ ትልቁንም ትንሹንም ይሰበስባል። ወንድማችን የተከለከለ ነው ብሎ ተወውና ሰፊ ዐይን ያለው ያገለገለ መረብ በዱቤ ወሰደ። ኮራንበት። መጀመሪያ ቀን ሲወጣ እናታችን ጀልባዋ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ፤ መዋኘት ቀርቶ ዝናብ የሚፈሩ ሴት። ጣና በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ግድም ነው፤ ለሐይቅ ጥልቅ አይባልም፤ ለመስጠም ግን ይበቃል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣልና በጠዋት ወጥተው በጠዋት ተመለሱ። ሦስት ቀረሶና አንድ አምባዛ ይዘው መጡ።

እንዲህ ብለን ብናቆም ለጽሑፉ ያምር ነበር።

የጣና ነጭ አሣ ነገር ግን አለ። ከ15 የሚበልጡ ዓይነቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም የሉም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ከኔዘርላንድ በመጣ እርዳታ የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገባ ወዲህ ማስገሩ በረታ። ተመራማሪዎች ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነጭ አሣው ወደ ሦስት አራተኛ ያህል እንደቀነሰ ጽፈዋል። ዋናው ምክንያት ጊዜው ነው። ብዙዎቹ በክረምቱ መጨረሻ እንቁላላቸውን ሊጥሉ ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ የወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ያንን ሁሉ በአንድ ሌሊት ይይዛል፤ የተያዘችው ደግሞ ከነእንቁላሏ ናት።

በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ፣ በዚያ የድርቅ ዓመት ማግሥት፣ የመረቡ ዱቤ አላለቀም፤ ከመካከላችን አንዷ ኮሌጅ ልትገባ የምዝገባ ገንዘብ ጠፍቶ ነበር። ወንድማችን ከሌሎች ጋር ሆኖ ሦስት ሌሊት የወንዝ አፍ ላይ ሄደ። የት እንደሆነ አንጽፍም። ከወትሮው የወር ገቢ የሚበልጥ ይዞ ተመለሰ። ገንዘቡን ሲልክልን ምንም አላለም፤ እኛም ከየት መጣ አላልንም፤ ተመዘገበች። የነገረን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። «ሆዳቸውን ስቀድ እንቁላሉ እጄ ላይ እንደ ጤፍ ፈሰሰ» አለ። «ዘር በላሁ» አለ። ለገበሬ ልጅ ዘር መብላት ምን እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማብራራት ያስፈልገን ይሆን? እኛ ግን ስንሰማው ትዝ ያለን ላህ ወንዝና ብርብራው ነው። ከዚያ ወዲህ በነሐሴና በመስከረም ጀልባዋን አውጥቶ ይገለብጣታል፤ በእነዚያ ወራት ጡብ ይሸከማል። ሌሎቹ ይሄዳሉ። ሞኝ ይሉታል። ሞኝ መሆኑንና አለመሆኑን በኮሌጅ ገንዘቡ የተማርነው እኛ መፍረድ አንችልም።

አባታችን ባሕር ዳር የመጡት በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው፤ ለዐይናቸው ሕክምና እንጂ ለጀልባዋ አይደለም። ወንድማችን ግን ሳይነግራቸው ወደ ዳር ወሰዳቸው። ጀልባዋ ገና ተገልብጣ ነበረች፤ አራቱ የከሰል ምልክቶች ከነበሩበት ቦታ ላይ ሬንጁ ጎበጥ ጎበጥ ብሎ ይታያል። አባታችን ዱላቸውን ለእኛ ሰጡንና፣ የታመመ ዐይናቸውን አጥብበው፣ ሁለት እጃቸውን በጎኗ ላይ አኑረው ዳበሷት። ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ ሄዱ። ቆርቆሮው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«ስትገዟት ስንት ዓመቷ ነበር?» አሉ።

«አላወቅንም አባ፤ ጥርስ የላትም» አላቸው ወንድማችን።

«እህ» አሉ አባታችን፤ ቆርቆሮውን በጥፍራቸው መታ መታ አድርገው አዳመጡ። «ነሐሴን ሳትሠራ ምን ትበላለች?»

«እኔ ነኝ የምሠራላት» አላቸው።

ዱላቸውን ከእጃችን ተቀበሉና፣ ዐይን ሐኪሙ ተራ ያልፈናል ብለው ቀድመውን ወደ መንገዱ ሄዱ።